ዲኮራ፦ ቋንቋዋ ሲደክም መምህር ያስመጣች ከተማ

በ1853 መገባደጃ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኡልሪክ ቪልሄልም ኮረን የሚባል ወጣት የሉተራን ቄስ አዲስ ሙሽራውን ኤሊዛቤትን ይዞ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ አዮዋ ከሚባለው ግዛት ገባ። ምእመናኑ ገና የቄስ ቤት አልሠሩለትም፤ ብርዱ ደግሞ አይጣል ነው። ኤሪክና ሄለነ ኤገ የተባሉ ገበሬዎች ቤታቸውን አካፈሏቸው። ቤት ሲባል ከግንድ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት፤ 14 በ16 ጫማ፣ በሜትር ቢለኩት ከአምስት በአምስት ያንሳል። ባልና ሚስቱ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ ቄሱና ሙሽራይቱ ደግሞ በመጋረጃ ማዶ ሆነው የብርዱን ወራት በዚያች ክፍል ተጠጋግተው ከረሙ። ኤሊዛቤት በየጊዜው ማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ የዚያ ቤት ኑሮ ለእኛ የደረሰውም በእሷ ብዕር ነው።

ቤቷ ዛሬም አለች። በሰሜን ምሥራቅ አዮዋ፣ ሕዝቧ 8,000 በማይሞላ ዲኮራ በምትባል ከተማ፣ ቬስተርሃይም የተባለው የኖርዌይ አሜሪካውያን ሙዚየም ይጠብቃታል። ከኖርዌይ የሚመጣ ተማሪ፣ የሥዕል መምህር፣ አንዳንዴም ንጉሥ እዚህች ከተማ ይገኛል። ከዚህ ደግሞ ወጣቶች ወደ ኦስሎና ወደ ሌሎች የኖርዌይ ከተሞች ለትምህርት ይሄዳሉ። የዚህ ጥናት ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከመጡ አራትና አምስት ትውልድ ያለፋቸው፣ የአያቶቻቸው ቋንቋ ከቤታቸው የወጣ ሰዎች ይህን መመላለስ በምን አቆዩት? ብዙ ሰው በዓሉን ይጠቅሳል። በዓሉ ድርሻው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የዲኮራን ታሪክ ቀረብ ብሎ ላየው፣ ክሩን ሳይበጠስ ያቆየው ከበዓሉ ጋር አብሮ የተጀመረው ትምህርት ይመስለኛል።

አመጣጣቸው

ሬስቶራሽን የተባለች ትንሽ መርከብ 52 ሰዎች ጭና ከኖርዌይ ወደብ ከስታቫንገር የተነሣችው በጁላይ 4 ቀን 1825 ነው። ኒው ዮርክ የደረሰችው በኦክቶበር 9 ሲሆን፣ መንገድ ላይ ሕፃን በመወለዱ ተሳፋሪው 53 ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌያውያን ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ምክንያቱ በአመዛኙ መሬት ነው። ኖርዌይ ተራራና ባሕር እንጂ እርሻ አላደላትም፤ ከአገሪቱ መሬት የሚታረሰው ሦስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ርስቱ ለበኩር ልጅ ሲሆን ታናናሾቹ ወይ ጭሰኛ ወይ ስደተኛ መሆን ነበረባቸው።

ዲኮራ አካባቢ የጠበቃቸው ለም መሬትም ባለቤት አልነበረውም ማለት አይደለም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው የአገሩ ነባር ተወላጅ ከሆነው ከሆ-ቸንክ ሕዝብ መሪ ከዋኮን ዲኮራ ነው። ሆ-ቸንኮች ከዚያ ምድር በመንግሥት ተነቅለው የተወሰዱት በ1848 ነበር፤ ነጮቹ መሥራቾች በ1849 ደረሱ፣ ኖርዌያውያኑ ብዙም ሳይቆዩ ተከተሉ። የአንዱ መሰደድ ለሌላው ስደተኛ ቦታ እንዳስለቀቀ ሳይናገሩ የዲኮራን ታሪክ መተረክ አይገባም።

ሰዎቹ ጎጆ እንደቀለሱ የፈለጉት ቄስ ነው። ቄስ ከኖርዌይ ማስመጣት ውድ ነበርና መጀመሪያ ልጆቻቸውን ሴንት ሉዊስ ወደሚገኝ የጀርመን ሉተራኖች ትምህርት ቤት ላኩ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ያ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ላይ አብዛኛው ምእመን ባርነትን አጥብቆ ይጠላ ስለነበር በሴንት ሉዊስ ሰዎች አቋም ተቆጥቷል። በዚያው ዓመት በዊስኮንሲን፣ በአንድ ገጠር የቄስ ቤት ውስጥ፣ በላውር ላርሰን መሪነት 16 ተማሪዎች ይዘው ሉተር ኮሌጅን ከፈቱ፤ በ1862 ወደ ዲኮራ አዛወሩት። ላርሰን እስከ 1902 ድረስ አርባ ዓመት መርተውታል። ሙዚየሙም ከዚሁ ኮሌጅ የወጣ ነው፤ በ1877 ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆኑ ዕቃዎች መሰብሰብ ሲጀመር ነው መሠረቱ የተጣለው።

ቋንቋው የተመታበት ዓመት

በ1874 ብሪኒልድ አኑንድሰን የተባለ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ዲኮራ-ፖስተን የሚባል የኖርዌይኛ ጋዜጣ ጀመረ። በደግ ዘመኑ ከ40,000 በላይ ደንበኞች ነበሩት፤ በአሜሪካ ከታተሙት የኖርዌይኛ ጋዜጦች ከትልልቆቹ አንዱ ሆኖ በየገበሬው ቤት ገባ። የጋዜጣው አንባቢ ቤቱ ውስጥ ኖርዌይኛ ይናገራል፣ ቤተ ክርስቲያን በኖርዌይኛ ይጸልያል፣ ልጁን በኖርዌይኛ ይገሥጻል።

በሜይ 23 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ የአዮዋ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ ዐዋጅ አወጣ። ሕዝቡ የባቤል ዐዋጅ ብሎታል። በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በአደባባይና በስልክ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ መናገር ተከለከለ። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው አምልኮውን በቤቱ ያድርግ ተባለ። ዒላማው ጀርመንኛ ነበር፤ ዱላው ያረፈው ግን በሁሉም ላይ ነው። ዲኮራ አጠገብ ባለ መንደር ስልክ አንሥታ ከጎረቤቷ ጋር ስለ ላም ወይም ስለ ልጅ ሕመም በኖርዌይኛ የምታወራ አሮጊት ሕግ ጣሰች ማለት ነው። ዐዋጁ ጦርነቱ እንዳበቃ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተሻረ። ልጆቹ ግን ትምህርቱን ወስደዋል፦ ይህ ቋንቋ ያሳፍራል፣ ያስቀጣልም።

ውድቀቱ በአንድ ዐዋጅ ብቻ የመጣ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ ስደቱ ቆመ፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ። ዲኮራ-ፖስተን በ1972 ተዘጋ። 98 ዓመት መኖሩ ነው።

ኖርዌይ ግን ልጆቿን አልረሳችም። የስደቱ መቶኛ ዓመት በ1925 ሲከበር፣ የሊለሃመሩ ማይሃውገን ሙዚየም መሥራች አንደርስ ሳንድቪግ የአገሩን ሙዚየሞች አስተባብሮ ከየክፍለ አገሩ የተመረጡ የገጠር ዕቃዎች ወደ ዲኮራ እንዲላኩ አደረገ። ሣጥን፣ ሳህን፣ ልብስ፣ የእርሻ መሣሪያ። አንድ አገር ቅርሱን ራሱ ለስደተኛ ልጆቹ ሲልክ ማየት ልብ ይነካል። ዕቃው ግን አይናገርም፤ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋል።

1967

ጋዜጣው ሊዘጋ አምስት ዓመት ሲቀረው ከተማዋ ኖርዲክ ፌስት የተባለውን በዓል ጀመረች። ጊዜው በጁላይ መጨረሻ ነው። ሰልፍ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ እንደ ድሮው ድንጋይ የመወርወር ውድድር አለ። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉ ልጆች የኖርዌይ ባህል ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ምግቡን በአብዛኛው የሚያቀርቡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶችና የከተማው ማኅበራት ናቸው።

ሌፍሰ የሚሉትን የድንች ቂጣ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። ድንች ተቀቅሎ ይፈጫል፤ ቅቤና ዱቄት ገብቶበት ይለወሳል። ዙሪያውን ቦይ ቦይ ባለው መዳመጫ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ይዳመጥና፣ ረጅም ጠፍጣፋ ዱላ ከሥሩ ሰድደው በጥንቃቄ አንሥተው ሰፊና ክብ ምጣድ ላይ ይዘረጉታል። ቡን ቡን ያለ ነቁጥ ሲያወጣ በዚያው ዱላ ይገለበጣል። ከዳር የተቀደደ እንደሆነ የሠራችው ሴት ፊት ላይ ታየዋለህ። ረመግረት የሚሉት ደግሞ ከጎምዛዛ የወተት ቅባት የሚሠራ ገንፎ ነው፤ የቀለጠ ቅቤ ይፈስበታል፤ በበርበሬ ፈንታ ስኳርና ቀረፋ ይነሰነስበታል።

እስካሁን ያለው በየትኛውም የስደተኛ ማኅበረሰብ በዓል የሚገኝ ነው። የዲኮራን ጉዳይ የተለየ የሚያደርገው በዚያው በ1967 የሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሙዚየሙ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከኮሌጁ ተለይቶ ራሱን ችሏል። አዲሱ ዳይሬክተር ማሪዮን ኔልሰን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ነበሩ። ከሙዚየሙ ዕቃዎች መካከል የስደተኞቹ ሣጥኖች አሉ፤ ፊታቸው ላይ የባለቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው፣ በአበባና በሐረግ የተዋቡ። ጥበቡ ሩሰማሊንግ ይባላል። እኛ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ሐረግ የምንለውን ጌጥ ለሚያውቅ ሰው መንፈሱ ቅርብ ነው፤ መስመሩ ይጠመዘዛል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ከራሱ ጋር ይጣላለፋል።

ጥበቡ በአሜሪካ ጨርሶ አልሞተም ነበር። በስቶተን፣ ዊስኮንሲን፣ ፔር ሊስነ የተባለ ከኖርዌይ የመጣ ሠዓሊ ጋሪ በሚሠራ ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ሆኖ ይሠራ ነበር። በኋላ በ1930ዎቹ የችግር ዘመን ትልልቅ የእንጨት ሳህኖች እየሣለ መሸጥ ጀመረ፤ ብዙ ሴቶችም ከእሱ ሥራ እየተመለከቱ ተማሩ። ሊስነ በ1947 ሞተ። ከእሱ በኋላ የነበሩት አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ያለቀለትን ሥዕል እያዩ ይገለብጡ ነበር። ያለቀ ሥዕል ደግሞ ሁሉን አይናገርም። የትኛው መስመር ቀደመ? ብሩሹ የት ላይ ተጫነ፣ የት ላይ ቀለለ? ቀለሙ ምን ያህል ቀጠነ? ይሄን ከሣጥን ላይ አታነበውም፤ አጠገብህ የሚሠራ እጅ ማየት አለብህ።

ስለዚህ ሙዚየሙ በ1967 ሠዓሊውን ሲግሙንድ ኦርሴትን ከኖርዌይ አስመጥቶ ትምህርት ከፈተ። ኦርሴት ንድፍ አውጥቶ የሚቀባ ሰው አልነበረም፤ በቀጭን ቀለም፣ በፈጣን እጅ፣ በነፃነት ይሥል ነበር። ከእሱ በኋላም የኖርዌይ መምህራን ተራ በተራ መጡ። ጥበቡ በኖርዌይ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ ተማሪዎቹ የቴሌማርክ ሐረግ ከአንድ ሥር ተነሥቶ ሳይመጣጠን እንደሚፈስ፣ የሃሊንግዳልና የሮጋላንድ ግን ግራና ቀኙ እንደሚመሳሰል ለዩ። በሩሰማሊንግ የተጀመረው ትምህርት ወደ ሽመና፣ ወደ እንጨት ቅርጽና ወደ ቢላዋ ሥራም ሰፋ።

በዚያው ዓመት ሙዚየሙ አገር አቀፍ የሩሰማሊንግ ውድድር ጀመረ፤ ኤግዚቢሽኑን ከበዓሉ ጋር አገጣጠመው። ዳኞች ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ ጥብጣብ ይሰጣሉ። ጥብጣቡ ነጥብ አለው፤ ሠዓሊው ከዓመት ዓመት ነጥብ አጠራቅሞ የተመደበውን ሲሞላ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኛል። እኔ የዚህ ጉዳይ አንጓ ብዬ የያዝኩት ይሄን ነው። በዓሉ ባይኖር ኤግዚቢሽኑን የሚያይ ሕዝብ አይሰበሰብም ነበር። ትምህርቱ ባይኖር ደግሞ በዓሉ አምና ያሳየውን ዘንድሮ ይደግማል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሠዓሊዋ ለመጪው ጁላይ የምታቀርበው ሥራ አላት፤ ሥራዋን ለማሻሻል መምህር ትፈልጋለች፤ መምህሩ ያለው ኖርዌይ ነው። ፍላጎቱ በየዓመቱ ራሱን ያድሳል። ሜዳሊያ ካገኙት አሜሪካውያንም ብዙዎቹ በተራቸው መምህራን ሆኑ።

ነገሥታቱም ዲኮራን ረስተው አያውቁም። አልጋ ወራሽ ኦላፍ ከባለቤታቸው ከልዕልት ማርታ ጋር በ1939 ጎበኟት፤ ንጉሥ ሆነው በ1975 ተመለሱ። ልጃቸው ንጉሥ ሃራልድና ንግሥት ሶንያ በ2011፣ ሉተር ኮሌጅ 150 ዓመት በሞላበት ጊዜ መጡ። የንጉሥ ጉብኝት ክብር ነው፤ ከተማ ያስጠርጋል፣ ፎቶ ይነሣል። አንድ ሳምንት ሙሉ ተማሪ ጎን ቆሞ እጅ የሚያርም መምህር ግን የሚተወው ፍሬ ይበልጣል።

ተማሪዎቹ

የተማሪው መንገድ ከበዓሉ ይቀድማል። የሉተር ኮሌጅ የሙዚቃ ባንድ በ1914፣ የኖርዌይ ሕገ መንግሥት መቶ ዓመት ሲሞላው፣ ባሕር ተሻግሮ በአባቶቹ አገር ተጫወተ። በሚኒሶታ የሚገኘው ሌላው የኖርዌያውያን ልጅ፣ ሴንት ኦላፍ ኮሌጅ፣ ባንዱን በ1906፣ መዘምራኑን በ1913 ልኮ ነበር። ይህ ጉብኝት ነው፤ ሄዶ ማሳየትና መመለስ። ተቀምጦ መማር የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ አመጣጡም ሊነገር ይገባዋል።

በኖቬምበር 1943 ኖርዌይን የያዙት ናዚዎች የኦስሎን ዩኒቨርሲቲ ዘጉ። ከ1,000 በላይ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ600 በላይ የሚሆኑት ወደ ጀርመን ካምፖች ተጋዙ። ዩኒቨርሲቲው ከጦርነቱ በኋላ በሩን ከፍቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1947፣ ለአሜሪካውያን ተማሪዎች የበጋ ትምህርት ቤት አቋቋመ። አገሪቱ ገና ምግብ በራሽን ታድል ነበር። የሰሜን አሜሪካ ተማሪዎች ማመልከቻ የሚያልፈው በሴንት ኦላፍ ኮሌጅ በኩል ሆነ። የበጋ ትምህርት ቤቱ በኋላ ለዓለም ሁሉ ተከፈተ፤ ዛሬም ይሠራል።

በ1947 ሌላም ነገር ሆነ። የኖርዌይ መንግሥት ለተማሪ ብድርና ድጎማ የሚሰጠውን ሎነካሰን የተባለ ተቋም መሠረተ። ይህ ተቋም ውጭ አገር ለሚማር ኖርዌያዊም ይከፍላል፤ ስለዚህ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ የሚመጣው የሀብታም ልጅ ብቻ አልሆነም። በ1949 ደግሞ ሁለቱ አገሮች የፉልብራይት ስምምነት ፈረሙ፤ ተማሪና ተመራማሪ በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለስ ጀመር። የበዓል ስሜት ብቻውን ይህን ያህል አያስኬድም። ከስሜቱ በታች የሚከፍል ተቋም፣ የሚፈርም ቢሮና ክሬዲት የሚያስተላልፍ ሬጅስትራር መኖር አለበት።

ልውውጡ ቋንቋውን በሌላ በር አስገባው። የዲኮራ አያቶች የሚናገሩት የየሸለቆአቸውን ዘዬ ነበር፤ ከእንግሊዝኛ የተዋሱትን ቃል የራሳቸውን ቅጥያ እያለበሱት። እርሻውን ለማለት «ፋርመን»፣ ወንዟን «ክሪከን» ይላሉ። የልጅ ልጃቸው ኦስሎ ሄዳ የምትማረው ግን የዛሬውን የመጽሐፍ ኖርዌይኛ ነው። ተመልሳ አያቷን ብታናግር ቋንቋው አንድ ሆኖ አነጋገሩ ሁለት ይሆናል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዎች ወደ አሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ እየመጡ የቀሩትን አዛውንት ተናጋሪዎች ድምፅ ቀዱ። በ1918 በስልክ እንዳይነገር የተከለከለው ንግግር ለምርምር የሚፈለግ ቅርስ ሆነ። እነዚያ አሮጊቶች ቆመው ይሄን ቢያዩ ብዬ አስባለሁ።

የማይገጥም ነገርም አለ። ስደተኛ የሚያስታውሰው የተለየውን ቀን አገር ነው። ዲኮራ የምታከብረው ኖርዌይ በብዛት የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ገጠር ነው፤ ሣጥን፣ ሸማኔ፣ የእንጨት ሳህን። የሚመጣው ተማሪ ደግሞ የነዳጅ ገንዘብ ያበለጸጋት፣ ከተሜ የሆነች፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የቀነሰች አገር ልጅ ነው። ይህ ልዩነት ትስስሩን የሚያጠፋ አይመስለኝም። ተማሪው ከቅድመ አያቱ ዘመን የቀረ ነገር እዚህ ያያል፤ አስተናጋጆቹም ከእሱ አንደበት የዛሬዋን ኖርዌይ ይሰማሉ። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ፣ በዓሉ የሚያውቀው የራሱን ትዝታ ብቻ ሲሆን ነው።

በሰሜን አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያንም ከ1984 ጀምሮ በየበጋው በእግር ኳስ ሰበብ እንሰባሰባለን፤ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፣ ዶሮ ወጥ ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ዲኮራን ሳጠና ደጋግሞ የመጣብኝ ጥያቄ በዚያ ሳምንት ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ ሸማኔ ወይም የማሲንቆ መምህር የሚያስተምርበት ድንኳን ቢኖር የሚል ነው።

አሁን በኖርዌይ በኩል አንድ በር ጠብቧል። እስከ 2023 ድረስ በኖርዌይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪም ቢሆን የትምህርት ክፍያ አይከፍልም ነበር። ከ2023 መጸው ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣናና ከስዊዘርላንድ ውጭ የሚመጣ አዲስ ተማሪ እንዲከፍል ተደርጓል። ቅድመ አያቱ ከሮጋላንድ ወይም ከቴሌማርክ የተነሣ የአዮዋ ልጅ በራሱ አመልክቶ ሙሉ ዲግሪ ልማር ቢል፣ ለሕጉ እንደማንኛውም ባዕድ ነው። በሁለት ተቋማት ስምምነት የሚሄድ የልውውጥ ተማሪ ግን ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው፤ ለራሱ ኮሌጅ የሚከፍለውን ይከፍላል፣ ለሴሚስተር ወይም ለዓመት ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬ በኮሌጆቹ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቢሮ ውስጥ ያለው የስምምነት ፋይል ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ጊዜው ሲያልፍ ሳይታደስ የቀረ አንድ ስምምነት፣ በቀጣዩ ዓመት ኦስሎ ወይም በርገን ሊቀመጥ የነበረ ተማሪ ዲኮራ ቀረ ማለት ነው።